የት ነው የተመታኸው?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ይህ የልክ ደብተሬ ነው። ከፊት በኩል የጠረጴዛ ቁመትና የበር ስፋት እጽፍበታለሁ። ዛሬ ከኋላ ጀምሬ ሌላ ነገር ልጽፍበት ነው። ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙ አቆማለሁ።

ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ግራ ጉልበቴ ቀድሞ ያውቃል፤ ደረጃውን ስወጣ ከሌላው ቀን ይበልጥ አነከስኩ። ሁልጊዜ በበሩ በኩል የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሹራብ የሚሠሩ ሴትዮ አሉ። ስማቸውን አላውቅም፤ በሆዴ እማማ ባለሹራብ ነው የምላቸው። ብድግ ብለው "ና ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። አይሆንም ብል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ከዚያ ዝቅ ብለው "የት ነው የተመታኸው?" አሉኝ።

"እግሬን" አልኳቸው።

"ይማርህ" አሉ። ዙሪያዬን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። በዚህ ከተማ እንዲህ ታይቼ አላውቅም።

የጠየቁኝ ስለ ጦር ሜዳው እንደሆነ የገባኝ አንድ ፌርማታ ካለፍን በኋላ ነው። እኔ ጦር ሜዳ ረግጬ አላውቅም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ያደግንበት ከተማ ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ፣ ከክምር ላይ የተንከባለለ ግንድ ነው የመታኝ። ታናሽ ወንድሜ "ጋሼ ዞር በል" ብሎ ባይጮህ ኖሮ ሁለቱም እግሮቼ አይተርፉም ነበር። እንግዲህ ተመትቻለሁ። አልዋሸሁም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬም ተነሱልኝ። ልጃቸው ዘምቷል፤ ደብዳቤው ከቆመ አምስት ወር ሆኖታል። "እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?" አሉኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። "ብርዱ ከእግር ጣት ነው የሚጀምረው። ካልሲ የረጠበ ቀን ሌሊቱ አያልቅም" አልኳቸው። መርፌያቸውን አቁመው ሰሙኝ።

ቃሉ የእኔ አይደለም። ወንድሜ በሁለተኛው ዓመት የጻፈልኝ ነው። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ አፌ ላይ ተቀምጠዋል። ለአንዲት ጭንቅ ላይ ላለች እናት አንድ ቃል መስጠት ምን ጥፋት አለው?

ወንድሜ ከተመለሰ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ አንድ ጭረት ሳይነካው መጣ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለምን ደስ አይለኝም። ሬዲዮኑን ግን ቤቱ እስኪናጋ ድረስ ነው የሚከፍተው። አከራያችን ግድግዳውን በቡጢ ትመታለች፣ እሱ ከጉዳይም አይቆጥራት።

ሰኔ 5

ቸኩያለሁ። ስልሳ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ታዟል፤ በወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ያልቃል።

ማታ ከግቢው በር ወንድሜን ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ልብስ ያጥባል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ጦር ሜዳ ሄዶ ኩራት ተምሮ መጣ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ውሃ ስቀዳ አከራያችን ጠጋ አለችኝ። "ወንድምህ እውነት ዘምቶ ነው?" አለች።

"ሦስት ዓመት" አልኳት።

"እንዲያው ነው የጠየቅኩህ። ከዚያ የመጣ ሰው አንድ ነገር አይጎድለውም? የእሱ ፊት ከሠርግ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ሰላም ብለው አይመልስም። አንድ ቦታ ተሸሽጎ የከረመ ሰው ነው እንዲህ ሰው የሚሸሸው። አንተን እንኳ አካሄድህ ይመሰክርልሃል።"

ወደዚህ ሰፈር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እግሬን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩም። ዛሬም አልነገርኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። ባልዲው ሞልቶ እንደሚፈስ ያወቅኩት ጫማዬ ሲርስ ነው።

ሰፈሩ የሚያወራውን ወንድሜ የሰማ አይመስለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ለአለቃችን ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። እንጨት ያውቃል፣ ከእኔ ጋር ሰጋቱራ ውስጥ ነው ያደገው አልኳቸው። "ያንተ ወንድም ከሆነማ ይምጣ" አሉ። ቀጥለውም፣ የሥራ ቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ እግርህን ሰጥተህ የመጣህ ሰው፤ እኛ ለወንድምህ አንድ ቦታ እንነፍጋለን?" አሉ።

የአውቶቡሱ ወሬ እዚህ ደርሷል። መሮዬን መሳል ጀመርኩ። የተሳለ ነበር።

ያገኘሁት ሥራ ለእሱ ነው። ለራሴ የወሰድኩት ነገር የለም። አልዋሸሁም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የወንድሜ የመጀመሪያ የሥራ ቀን። በእግር ሄድን፤ አውቶቡስ አልወድም፣ ግፊያው ይጨንቀኛል አለኝ። እሰየው አልኩ በሆዴ። ለምን እሰየው እንዳልኩ አሁን ስጽፈው ነው የታወቀኝ።

አንድ ነገር አበሳጨኝ። የታመመው እግሬ ግራው ነው፤ ስራመድ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ እወዳለሁ። እሱ ግን ሁልጊዜ ዞሮ በግራዬ ይገባል። ወደ ቀኜ ብስበው እንደገና ዞሮ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ተጋጨን። ልጅ ሆኖ እንዲህ አልነበረም።

እጁ ግን ድሮ እንደነበረው ነው። መላጊያ ሲይዝ እንጨቱ ይታዘዝለታል።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ወንድሜ ዛሬ መጋዝ ማሽኑ ላይ ነበር፣ ጣውላ ይገፋል። አለቃችን በግራ በኩል ቆመው ሳለ ጣውላው ውስጥ ሚስማር አዩ። "አቁም" አሉ። አላቆመም። ጮክ ብለው ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ምላጩ ሚስማሩን አገኘው፤ ቁራጩ ተፈናጥሮ የወንድሜን አውራ ጣት ሰነጠቀው። ደግነቱ ጥልቅ አይደለም።

አለቃችን ማሽኑን ራሳቸው አጠፉ። "ሦስት ጊዜ ቁም ተብሎ የማይሰማ ወታደር የት አገር ነው ያለው? ይሄ ልጅ ጦር ሜዳ አልደረሰም። እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ትእዛዝ መስማት ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ወይስ አጠፋሁ?" አሉኝ። ሁሉም የእኔን ፍርድ ጠበቁ፤ አዋቂው እኔ ነኛ።

"እውነትዎን ነው" አልኩ።

አሰናበቱት። መንገድ ላይ ጮህኩበት። "አትሰማም። ልጅ ሆነህም አትሰማም ነበር፣ አሁንም አትሰማም" አልኩት። አውራ ጣቱን በመሐረብ እንደጠቀለለ ቆሞ አየኝ። "አዎ ጋሼ፣ አልሰማም" አለኝ፣ ረጋ ብሎ። እንዲህ ፊት ለፊት ሲደፍረኝ የመጀመሪያው ነው።

ሃያ ሁለት አግዳሚ አልቋል። ሠላሳ ስምንት ይቀራል።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

እማማ ባለሹራብ ሹራቡን ትተው ካልሲ ከያዙ ሰንብተዋል። ዛሬ አራት ጥንድ ጨርሰው ልከዋል። "አንተ ባትነግረኝ አላስበውም ነበር። እኔ ስለ አንገቱ ነበር የምጨነቀው" አሉኝ። ከቦርሳቸው የልጃቸውን ፎቶግራፍ አወጡ። ጆሮው ቆም ቆም ያለ፣ ሳቁ ሊያመልጠው የደረሰ ልጅ ነው። "መቼም ብዙ ሰው አይተሃል። ይሄን አላየኸውም?"

"ብዙ ነን እኮ እናቴ" አልኳቸው።

"ነን" አልኩ። "ናቸው" ማለት ነበረብኝ። ቃሏ ከአፌ የወጣችው ሳላስባት ነው፤ መመለስ ግን እችል ነበር። አምስት ፌርማታ ነበረ። አልመለስኳትም።

በሥራ ላይ የአንዱን አግዳሚ እግር ሁለት ጊዜ አጠር አድርጌ ቆረጥኩ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ወዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ወንድሜን ሻንጣውን ሲያሰናዳ አገኘሁት። ሩቅ ያለ አንድ የድንጋይ ካባ ሰው ይፈልጋል አሉ፤ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ፣ ሐምሌ 7፣ መኪና ይወስዳቸዋል። "ምን ጎደለህ?" አልኩት።

"ምንም" አለ። "ሱቅ ስገባ ሰው ወሬ ያቋርጣል። ትናንት አንዱ ሽማግሌ ፊቴ ላይ ተፋ። ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም፤ ምራቁ ግን ገብቶኛል። እዚያ ማንም አያውቀኝም።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንተማ ደህና ነህ ጋሼ። ያከብሩሃል።" በክፋት አይደለም ያለው። በክፋት ቢለው ይሻለኝ ነበር።

ስለ አውቶቡሱ ያውቃል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?

ሰኔ 29፣ እሑድ

እንዲህ ያለ እሑድ አልፎብኝ አያውቅም። ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ማታ ሰዓቱን ለሥራ ቀን እንደሞላሁት ረስቼዋለሁ። ንጋት ላይ ደወለ። ሰዓቱ ያለው ከወንድሜ ትራስ አጠገብ፣ ከግንባሩ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነው። እሱ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። እኔ ከወዲያኛው አልጋ ዘልዬ ተነሳሁ፣ አከራያችን ግድግዳውን ደበደበች፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ወንድሜ ግን እንደ ሕፃን ተኝቷል። አጠፋሁት። ጎንበስ ብዬ ግራ ጆሮው ላይ አጨበጨብኩ። ትንፋሹ እንኳ አልተቀየረም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሬዲዮኑ መጣብኝ። ልብስ እያጠበ የሰጠኝ ጀርባ፣ ከግራዬ ገብቶ የሚራመደው፣ "አቁም" የተባለበት ጎን። "አዎ ጋሼ፣ አልሰማም።" እኔ ደፈረኝ ብዬ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

ሲነሳ ጠየቅኩት። "የግራው ሄዷል" አለ። "ጸጥ ግን አይልም፣ ሲር የሚል ድምፅ አለው፤ ቀንም ሌሊትም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? ሰው ሁሉ የሚለኝ 'የት ነው የተመታኸው?' ነው። እኔ አልተመታሁም። የተመታው አጠገቤ ያለው መሬት ነው፤ አጠገቤ የነበሩት ናቸው። እኔ አልተመታሁም ጋሼ። አልተመታሁም ስል ደግሞ ያው አልዘመትክም ነው።"

እኔ ያልዘመትኩት "ተመትቻለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። የዘመተው "አልተመታሁም" ብሎ ተተፋበት። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ወረቀት ላይ ሳየው "አልዋሸንም" የሚለው ቃል አስጠላኝ።

ሰኔ 30

ለአለቃችን ልነግር ሄድኩ። ስልክ ይዘው ነበር። ተመለስኩ። ነገ።

ሐምሌ 2

ዛሬ አለቃችን ስልክ አልያዙም ነበር። እኔ ነኝ በመናገር ፈንታ ስለ ኮላ የጠየቅኳቸው። በአውቶቡሱም ተቀመጥኩ። እማማ ባለሹራብ አምስተኛውን ጥንድ ጀምረዋል።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ወንድሜ አይጮህም፤ ያን ቀን ከግንዱ ክምር ሥር ለእኔ ጮሆ ጨርሷል። ተራው የእኔ ነው። አምስት ቀን ቀርቶኛል።

ሐምሌ 3

ለወንድሜ ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ ደብዳቤዎቹን ጭምር። "የትኛውን ነገርካቸው?" አለ። የካልሲውን አልኩት። ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። "ከዘመትኩበት ሦስት ዓመት አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ እሷንም ወሰድክብኝ" አለኝ።

ነገ አብሮኝ እንዲሳፈር ለመንኩት። ስለ ግፊያው ትንሽ አሰበና እሺ አለ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

እማማ ባለሹራብ እንደ ወትሮው ብድግ አሉ። ወንድሜን ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። "ቆይ እናቴ፣ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። ሳልነግራቸው አንድ ፌርማታ አለፈ።

አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ቀደሙኝ። በመተላለፊያው ቆመው፣ በወንድሜ በግራ በኩል፣ "አንተ ልጅ፣ እናት ቆመው፣ ቁስለኛ ቆሞ፣ አንተ ትቀመጣለህ?" አሉ። ወንድሜ መስኮቱን እያየ ነው። "ላንተ ነው፤ ለዘማች ተነስ።" አሁንም መስኮቱን ያያል። አውቶቡሱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ከኋላ አንዱ "እነዚህ ቀሪዎች" ሲል ሰማሁ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው "አይሰማም እንዴ ይሄ?" አሉ።

"አይሰማም" አልኳቸው። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። "የግራ ጆሮው እዚያ ቀርቷል። ዘማቹ እሱ ነው። እኔን የመታኝ ግንድ ነው። የዛፍ ግንድ። ጦር ሜዳ ሄጄ አላውቅም።"

ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየኝ። ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። መስኮቱ ጋ የነበረች አንዲት ተማሪ ተነሳች፤ እማማ ባለሹራብ አልፈው በወንድሜ በቀኙ ተቀመጡ። ሁለት ፌርማታ ያህል ካልሲያቸውን ሠሩ። ከዚያ እኔን ሳያዩኝ "ካልሲውስ?" አሉ።

"ከእሱ ደብዳቤ ላይ ነው ያነበብኩት" አልኳቸው።

"እኔ ስንት ነገር ነው የጠየቅኩህ" አሉ። አምርረው አልተቆጡኝም። አምርረው ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፎቶግራፉን አውጥተው ለወንድሜ ሰጡት። በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየው። "አላውቀውም እናቴ" አለ። "ካልሲው ከደረሰው ግን አንዱን ያደርጋል፣ አንዱን ሆዱ ላይ ያደርቃል፣ የቀረውን ለጓደኞቹ ይሰጣል። የሚሰጥ ሰው ደግሞ እዚያ ብቻውን አይቀርም።"

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላም ጠየቁት፣ ሌላም። እኔ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ሄድኩ። ጉልበቴ ነደደ። ማንም አልተነሳልኝም፣ ደግም አደረጉ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ወሬው ዛሬም ቀድሞኝ ነው የጠበቀኝ። ለአለቃችን ግን ቆሜ በአፌ ነገርኳቸው። "አንተ ያን ቀን እውነትዎን ነው አልከኝ" አሉ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲህ ሁለታችንም አልሰማንም" አሉ። ወንድሜ ሰኞ ይምጣ፤ ማሽን አይነካም፤ በእጅ መላጊያ፣ ግራውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል። ይመጣ እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። እኔን ምሳ ላይ ማንም አላነጋገረኝም። ሃምሳ አንደኛውን አግዳሚ ጨረስኩ። ማታ የአለቃችንን ቃል ለወንድሜ አደረስኩለት፤ "አስብበታለሁ" አለ።

አከራያችን ግን ከአፏ አልተመለሰችም። "ወይ ጉድ፣ ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው ያልዘመትከው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ለዚህ ደብተር እንኳ አልነገርኩትም።

የምልመላው ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ነበር የሚፈለገው። ታላቁ እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ ተሰለፍኩ። ትንሽ የሚያነክስ ሰው አይመልሱም ነበር፤ ከኋላ ለአናጺነት ይወስዱታል፣ ሳጥንም አልጋም የሚሠራ ይፈልጋሉ። ይህን አውቃለሁ፣ ሰልፉ ላይ ሲወራ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ "ከወንበሩ እስከ ግድግዳው ሂድ" አለኝ። አብዝቼ አነከስኩ። ስመለስ ደግሞ ግድግዳውን ያዝኩ። "አይችልም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ "ቀጣይ" አለ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጦ የሻንጣውን ማንገቻ ይሰፋ ነበር። ውጭ ያካፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ ሁሉን። ስጨርስ ቀና አላለም፤ መርፌው አላቋረጠም። ያኔ ነው የተቀመጥኩት በግራው እንደሆነ ያየሁት። ሳላውቅ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አውቄ ነው።

ተነሳሁ። ዞሬ በቀኙ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው እንደገና ነገርኩት፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር።

ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለኝ። "ከኋላህ ነበር የተሰለፍኩት።"

ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም እዚያው ተቀመጥን። ከዚያ ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር ገፋው፤ የደወል ሰዓቱን አንስቶ አየና "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" አለኝ።